በማይክሮኮንትሮለር ዲበገር የተለዋዋጮችን ቢቶች ለየብቻ ማየት

የማይክሮኮንትሮለር ዲበገር በቺፕ ላይ የሚሠራን ፕሮግራም መሀል ላይ እያስቆመ የማህደረ ትውስታውንና የሬጂስተሮቹን ይዘት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ቢቶችን ለየብቻ ማየት ማለት ደግሞ አንድን ተለዋዋጭ ወይም ቫሪያብል እንደ አንድ ቁጥር ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው 0 ወይም 1 የሆኑና የየራሳቸው ትርጉም ያላቸው ምልክቶች ስብስብ አድርጎ መመልከት ነው። ይህ አሠራር በዴስክቶፕ ፕሮግራሞች ላይ እምብዛም ባይፈለግም፣ የማይክሮኮንትሮለር ሬጂስተሮች በአንድ ባይት ውስጥ እስከ ስምንት የሚደርሱ ልዩ ልዩ መረጃዎችን አጭቀው ስለሚይዙ በዚህ ሙያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

በአርዱዪኖ ኡኖ ቦርድ ላይ የሚገኘው ኤቲሜጋ328ፒ ቺፕ፣ የአናሎግ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ክፍል የሚቆጣጠረው በዋናነት ኤዲሲኤስአርኤ በተባለ ባለ 8 ቢት ሬጂስተር ነው። ዲበገሩ የሬጂስተሩን ዋጋ 135 ብሎ ቢያሳይ ተመልካቹ ከቁጥሩ ብዙ አይረዳም፤ በሁለትዮሽ 10000111 ተብሎ ሲጻፍ ግን፣ ከቀኝ ከ0 ጀምሮ ሲቆጠር፣ 7ኛው ቢት መለወጫው መብራቱን፣ የቀኙ ሦስት ቢቶች ደግሞ የሰዓት ምቱ ለ128 ተካፍሎ፣ በ16 ሜጋኸርዝ ቺፕ ላይ 125 ኪሎኸርዝ ሆኖ፣ እንደሚደርሰው ያሳያሉ። ልኬት ሲጀመር 6ኛው ቢት 1 ስለሚሆን ዋጋው 199 ይሆናል፤ ልኬቱ ሲያበቃ ያው ቢት ወደ 0 ተመልሶ የማጠናቀቂያው ምልክት የሆነው 4ኛው ቢት ስለሚነሣ 151 ይነበባል። ከ135 ወደ 199፣ ከዚያም ወደ 151 የሄደው ለውጥ በአሥርዮሽ ሲታይ ትርጉም የለሽ ዝላይ ይመስላል፤ በሁለትዮሽ ግን የሥራው ቅደም ተከተል ራሱ ነው።

ጂዲቢ በተባለው ዲበገር የፕሪንት ትእዛዝ ከቲ ፊደል ጋር ሲሰጥ ዋጋውን በሁለትዮሽ ያወጣል፤ ነገር ግን በግራ በኩል ያሉትን ዜሮዎች ስለሚተው 5 የሚታየው 101 ተብሎ ብቻ ነው፤ ቢት ለሚቆጥር ሰው ይህ በቀላሉ የሚያሳስት ነው። ማህደረ ትውስታን በባይት መጠን የሚመረምረው የኤክስ ትእዛዝ ግን ስምንቱንም አሃዞች ይሰጣል። የኮርቴክስ ኤም ቺፖች አምራቾች የሬጂስተሮቹንና የቢቶቹን ስም በኤስቪዲ ፋይል ስለሚያቀርቡ፣ ፋይሉን የሚያነብ ዲበገር እያንዳንዱን ቢት በስሙ ያሳያል። ይህ ፋይል የቺፑን ሬጂስተሮች እንጂ ፕሮግራመሩ ራሱ የፈጠራቸውን ተለዋዋጮች አይገልጽም። ለእነዚህ የሚሻለው መንገድ በሲ ቋንቋ የቢት መስክ ያለው ስትራክቸር ማወጅ ነው፤ ዲበገሩ ያን ጊዜ ቢቶቹን በተሰጣቸው ስም ይዘረዝራል። የመስኮቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ግን ኮምፓይለሩ ስለሆነ፣ ቋንቋው አንድ ወጥ አቀማመጥ አያስገድድም።

ኮርቴክስ ኤም3 ደግሞ ቢት ባንዲንግ በሚባል ዘዴ በተወሰነ የማህደረ ትውስታ ክልል ለሚገኝ ለእያንዳንዱ ቢት የራሱ ባለ 32 ቢት አድራሻ ይሰጣል። በሄክሳዴሲማል 20000100 አድራሻ ላይ የሚገኘው ባይት 2ኛ ቢት፣ ለምሳሌ፣ በ22002008 ለብቻው ይነበባል፤ በመሆኑም የአንድ ቢት ዋጋ በመመልከቻ መስኮት እንደ ሙሉ ተለዋዋጭ ሊታይ ይችላል። ይህ ጠቃሚ ዘዴ በኮርቴክስ ኤም7 ላይ የለም።

ማየት ራሱ አንዳንድ ጊዜ የሚታየውን ነገር ይለውጣል። በኤስቲኤም32ኤፍ103 የዩሳርት ክፍል ውስጥ መረጃ መድረሱን የሚያበስረው ቢት የመረጃው ሬጂስተር ሲነበብ ስለሚጠፋ፣ ይህን ሬጂስተር በመመልከቻ መስኮቱ ክፍት ያደረገ ሰው ፕሮግራሙ ሳያየው ምልክቱን ሊያጠፋበት ይችላል፤ የጠፋውንም ባይት ፍለጋ በጤናማ ኮድ ላይ ሰዓታት ያባክናል። ፕሮሰሰሩ ሲቆምም ታይመሮቹ አብረው እንዲቆሙ በቺፑ የዲበግ ሬጂስተር ካልታዘዘ፣ ቆጠራቸውን ስለሚቀጥሉ፣ በመስኮቱ የሚነበቡት የታይመር ቢቶች ፕሮግራሙ ከቆመበት ቅጽበት የተለየ ሁኔታ ሊያሳዩ ይችላሉ።