አልበሙ ውስጥ ያለው ዝምታ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት እንግዳ ሆናችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ምንድን ነው? ቡና ካላችሁ ተሳስታችኋል። ቡናው እስኪፈላ የሚቀርበው አልበም ነው። «ይቺ ማናት?» «የእማዬ አክስት።» «ይሄስ?» ዝም።

ዝምታው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የመርሳት ነው፤ ሌላው የፍርሃት። ሁለቱም ታሪክ አላቸው።

ከፎቶ በፊት ሟች የሚለቀሰው በዕቃው ነበር። ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻና ጦሩ ተይዞ ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ አልቃሽም እነሱን እያየች ሙሾ ታወርዳለች። ከዚያ ካሜራ መጣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። መጀመሪያ የንጉሥና የመኳንንት የነበረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ከተማው ፎቶ ቤቶች፣ ከዚያም ወደ ተራው ሰው ሳሎን ወረደ። ለቅሶ ቤት ውስጥም የጋሻውን ቦታ ፎቶ ያዘ። እናት የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ አቅፋ የምታለቅሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፤ ፎቷቸውም ከየግድግዳው ወረደ። ይሄ ቀላሉ ነበር። የከበደው ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ።

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ። በዚያ ሰሞን ፎቶ መታሰቢያ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ሆነ። ከትምህርት ቤት ጓደኛ ጋር ተቃቅፎ የተነሱት ፎቶ «እሱን ከየት ታውቀዋለህ?» የሚል ጥያቄ ሊያስከትል ይችላል፤ ጥያቄው ደግሞ እስር ቤት ውስጥ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ መጽሐፉ፣ ደብዳቤውና ፎቶው አብረው ምድጃ ገቡ። የተረፈውም ሳጥን ሥር ተደበቀ። ዛሬ አልበም ውስጥ አፍሮና ቤልቦተም አይተን የምንስቅባቸው ልጆች የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው።

በቀይ ሽብር የተገደሉ ወጣቶች አስከሬናቸው መንገድ ላይ ተጥሎ ታየ፤ ብዙዎቹም በጅምላ ጉድጓድ ተቀበሩ። ልጁን ለመቅበር የጥይት ዋጋ የተጠየቀ ቤተሰብ አለ። አልቅሶ መቅበር እንኳ ተከለከለ። እንግዲህ እናት ምን ይዛ ታልቅስ? ፈረስ የለ፣ ጋሻ የለ፣ መቃብር የለ። አንዳንድ ቤት የቀረችው አንዲት ጉርድ ፎቶ ብቻ ናት።

በ2002 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቶ ያየ ሰው ይህን ይረዳዋል። ከጅምላ መቃብር የወጣ አጽምና ልብስ አለ፤ ግድግዳውን የሞላው ግን ፎቶ ነው፤ በዕድሜ እኛን የሚያክሉ ልጆች ፊት። ፎቶ ደብቆ ያቆየ ሰው ባይኖር ኖሮ እነዚህ ልጆች ቁጥር ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

አሁን ወደ መርሳቱ እንምጣ። በ1969 ዓ.ም. የ20 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ዕድሜው 70 አካባቢ ነው። ስሙን፣ ሰፈሩንና ቀኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ ፎቶው ይቀራል፤ ሰውየው ግን «ያልታወቀ» ይሆናል። ያን ጊዜ የደበቁት ከእሳት አትርፈውታል፤ በእኛ ስንፍና ቢጠፋ ግን ምን እንላለን?

ሥራው ከባድ አይደለም። ፎቶው ጀርባ ላይ ስም፣ ቦታና ዓመተ ምሕረት በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፤ እስኪርቢቶ እየዋለ ሲያድር ወደ ፊት ይወጣል። ሙጫ ያለው አልበም ውስጥ አትለጥፉ። ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁት፤ ባለ ቀለም ፎቶ ቶሎ ይደበዝዛል። ኔጌቲቩ ካለ አትጣሉት። በስልክም አንሱና ለአክስት፣ ለአጎት፣ ውጭ አገር ላለውም ዘመድ ላኩ፤ ስልክ ይሰረቃልና አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጡ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እማማ አንዱ ፎቶ ላይ ሲደርሱ ዝም ካሉ «እንዴት ሞተ?» ብላችሁ አትጀምሩ። የት እንደተማረ፣ ምን መብላት እንደሚወድ፣ ኳስ ይጫወት እንደነበር ጠይቋቸው። እሳቸው ሲፈልጉ ይነግሯችኋል። ባይነግሯችሁም ስሙን ብቻ ጠይቃችሁ ጻፉ።