ርቀቱን የማይረሳ ሥዕል

ፈረንሣዊው ዦርዥ ሜልዬስ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንዱን ፊልም ደጋግሞ ለብርሃን እያጋለጠ አንዱን ሰው ብዙ አድርጎ ካሳየበት ጊዜ አንሥቶ፣ ለየብቻ የተሠሩ ሥዕሎችን አዋሕደው አንድ ትርኢት ለማድረግ የደከሙ ባለሙያዎች ሁሉ ሳይመልሱ ሊያልፉት የማይችሉት ጥያቄ ነበረ፤ ይኸውም ከፊት የሚቆመው የትኛው፣ ከኋላ የሚጋረደውስ የትኛው ነው የሚል ነው። በቀድሞው ዘመን ይህን የሚወስነው የባለሙያው ዐይንና እጅ ነበር፤ ሥዕሉ ራሱ ስለ ርቀቱ አንዳች ምስክርነት አልነበረውም።

እ.ኤ.አ. በ1974 ኤድዊን ካትመል በአሜሪካ በዩታ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ድርሳን፣ በዚያው ዓመትም ቮልፍጋንግ ሽትራሰር በበርሊን፣ እያንዳንዷ የሥዕል ነጥብ፣ ማለት ፒክሰል፣ ከቀለሟ ጋራ ከተመልካቹ ያላትን ርቀት በቍጥር መዝግባ የምትይዝበትን ዘዴ ገለጡ። በዚያች ነጥብ ላይ አዲስ ነገር ሊሣል ሲመጣ ርቀቱ ቀድሞ ከተመዘገበው ጋራ ይመዛዘንና ቅርቡ ይታያል፣ ሩቁ ይጋረዳል። የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ እጅግ ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ለየነጥቡ ይህን ቍጥር ማከማቸት ቀላል ወጪ አልነበረም።

በሉካስፊልም የፊልም ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 የነጥቦችን ግልጽነት አልፋ በተባለ ቍጥር እየለኩ ሥዕልን በሥዕል ላይ የመደረብን ሕግ በሒሳብ ደነገጉ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ደፍ ብቻውን ቀለሙን፣ አልፋውንና ርቀቱን በአንድነት የያዘ የሥዕል ዐይነት አቀረበ። በእኔ አስተያየት የዚህ ታሪክ ታላቁ ምዕራፍ ይህ ነው። አንድ አውሬ በጫካ ውስጥ በዛፎች መካከል ሲያልፍ እናስብ፤ ጫካውና አውሬው ለየብቻ ተሠርተው ርቀታቸው ካልተመዘገበ፣ አውሬው ከየትኛው ግንድ በፊት ከየትኛውስ በስተኋላ እንደሚያልፍ እየተለየ፣ የሚጋረደው አካሉ በጭንብል ተቀርጾ መውጣት አለበት፤ አኒሜተሩ የአውሬውን እርምጃ ጥቂት እንኳ ቢለውጥ ጭንብሉ ሁሉ ከንቱ ይሆንና ድካሙ እንደ ገና ይጀመራል። ርቀቱ ተመዝግቦ እንደሆነ ግን ሁለቱ ሥዕሎች ነጥብ በነጥብ ተነጻጽረው በገዛ ራሳቸው ይጋረዳሉ፤ የአንዱ ሠራተኛ ልፋትም በሌላው ለውጥ አይፈርስም።

ሆኖም ነጥብ ምንም ብታንስ ስፋት አላት። እኩሌታዋን በ3 ሜትር ርቀት ያለ የጠጕር ዘለላ፣ እኩሌታዋን በ300 ሜትር ያለ ተራራ ቢይዛት፣ አማካዩ ቍጥር ወደ 150 ሜትር ግድም፣ ጠጕርም ተራራም በሌለበት ባዶ ስፍራ ያቆማታል። ደፍ በነጥቧ ማዕዘኖች ያሉትን ርቀቶች እያነጻጸረ ጠርዙን ለማለስለስ መላ ቢያበጅም፣ ጠጕር፣ ጢስና ጭጋግ፣ ረቂቅ የሆነው ነገር ሁሉ፣ በአንድ ርቀት ሊወሰን አልቻለም።

መፍትሔው የመጣው ከጽላሎት ጥናት ነው። በ2000 የፒክሳር አኒሜሽን ስቱዲዮ ተመራማሪዎች ቶም ሎኮቪችና ኤሪክ ቪች ብርሃን በጠጕርና በጢስ ውስጥ ሲያልፍ በየርቀቱ ምን ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ለእያንዳንዷ ነጥብ በተከታታይ የሚመዘግብ ዘዴ አሳተሙ፤ ዐላማቸውም ጥላን በትክክል መሣል ነበር። በኒውዚላንድ የዌሊንግተኑን ዌታ ዲጂታልን የመሰሉ የፊልም ድርጅቶች ይህንኑ አሳብ ከጥላ ወደ ሥዕል አሻገሩት፤ አንዲት ነጥብም እንደ አስፈላጊነቱ ብዙ ርቀቶችን፣ ለየርቀቱም ቀለሙንና አልፋውን ይዛ፣ ከጭጋግ ውስጥ የሚወጣ ፍጥረት ጭጋጉን ከፊቱም ከኋላውም በመጠኑ እንዲለብስ አደረገች። በ2009 የታየው የአቫታር ፊልም ደን የዚህ ዘዴ ታላቅ መፈተኛ ሆነ።

ዋጋው የፋይሎቹ ክብደት ነው፤ አንዲት ነጥብ በርካታ መዝገብ ስትይዝ ማከማቻውም በዚያው ልክ ይሞላል። ስለዚህ ለሩቅ ጭጋግና ለሌንስ ብዥታ እስከ ዛሬ በአንድ ርቀት የሚሠራ ባለሙያ ብዙ ነው። በ2013 የወጣው ኦፕን ኢኤክስአር የተባለው የሥዕል ፋይል ዐይነት ሁለተኛ ዕትም ግን ባለ ብዙ ርቀቱን ሥዕል በጋራ ደንብ ስለ ተቀበለው፣ በአንዱ ስቱዲዮ የተሠራ ጢስ በሌላው ስቱዲዮ ከተሠራ አውሬ ጋራ ሊዋሐድ ቻለ።