የክረምት ኪታብ፤ ለማን የትኛው?

ቢስሚላህ። የሰኔ ወር ሊገባደድ ሲል በከተማችን በሐዋሳ ያሉ ትምህርት ቤቶች የዓመቱን ውጤት የያዘውን ካርድ አድለው በራቸውን ይዘጋሉ። በዚያው ሳምንት ወላጆች ልጆቻቸውን አስከትለው ወደየመድረሳው ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ አንድ አባት ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው፤ መካከለኛው አሥራ አንድ፤ ትልቁ አሥራ ስድስት ሞልቶታል። ከመስጊድ በር ላይ የገዛትን አንዲት ቀጭን ቃዒዳ አቀበለኝና «ኡስታዝ፣ መስከረም እስኪጠባ እነዚህን ያስቀሩልኝ። አንዷ ትበቃቸዋለች፤ እየተቀባበሉ ይቅሩባት» አለኝ።

አባትየው በቅን ልቦና ነው የተናገረው። እኔም ሳላስብበት እንዳለው አደረግኩ፤ ሦስቱንም በአንድ ምንጣፍ ላይ፣ በአንድ መጽሐፍ ፊት አስቀመጥኳቸው። ትልቁ ልጅ የመጣው ሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ስመለስ ጆተኒ ከሚጫወቱ ልጆች መካከል አገኘሁት። ለምን እንደቀረ ብጠይቀው መሬት መሬት እያየ «ኡስታዝ፣ ታናሽ እህቴ 'ሐርፍ ሳትክ' አለችኝ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ።

ውድ አንባብያን፤ ለየትኛው ዕድሜ የትኛው ንባብ ይገባል የሚለው ጥያቄ እኛ ዛሬ የፈጠርነው አይደለም። ከኢስላም የመጀመሪያ ዓመታት ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው። በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 624) ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ የሚከፍሉበት ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚችሉ ምርኮኞች፣ እያንዳንዳቸው አሥር የመዲና ልጆችን ጽሕፈት ቢያስተምሩ በነፃ እንዲለቀቁ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መወሰናቸው በሲራ ተመዝግቧል። ያን ጊዜ መዲና ውስጥ ወርቅም ብርም በብርቱ ያስፈልግ ነበር። ጽሕፈቱ ግን በወርቁ ቦታ ተቆጠረ።

ዘይድ ኢብን ሳቢት (ረ.ዐ) ደግሞ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ መዲና ሲገቡ የአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። ንቃቱን አይተው የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በአሥራ አምስት ሌሊት ያህል ተማረው። ለብዙኃኑ ልጅ የተሰጠውና ለዘይድ የተሰጠው ንባብ አንድ እንዳልነበረ እናስተውል። ይህ ልጅ በኋላ የወሕይ ጸሐፊ ሆነ፤ በአቡበክር (ረ.ዐ) ዘመንም ቁርኣንን የማሰባሰቡ አደራ የተጣለው በእርሱ ላይ ነበር።

በአገራችንም ቢሆን ሼኾቻችን ለደረሳ የሚያስቀሩትን ኪታብ በቅደም ተከተል የያዙት ነበር። በሐረርም ሆነ በወሎ ልጁ በለውህ ይጀምራል። ከጥላሸትና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም በእንጨት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ሲያውቀው ያጥበዋል፤ ቀጣዩን ይጽፋል። ቁርኣኑን ሲያኸትም ወደ ፊቅህ ይሻገራል፤ ከዚያም ነህው፣ ሶርፍ፣ ተፍሲርና ሐዲስ ይከተላሉ። አንዱ ሼኽ በፊቅህ፣ ሌላው በነህው የታወቀ ስለነበር ደረሳው ኪታቡን ፍለጋ ወንዝ ተሻግሮ ይሄዳል፤ ቀለቡንም ከየመንደሩ ያገኛል። በዚያ ሥርዓት ዕድሜ በዓመት አይለካም ነበር። ሰው ልጅህ ስንት ዓመቱ ነው ሳይሆን «የት ደረሰ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱም «ሰፊና ላይ ነው» ወይም «ሚንሃጅ ገብቷል» የሚል ነው።

ስለ ሰፊና ጥቂት ልበል፤ ብዙዎቻችን የጀመርንባት፣ እኔም እንደ ሌሎቹ በዝናብ ወራት የቀራኋት ናትና። በ1985 ክረምት አራት ልጆች ሆነን አንዲት ቅጂ ስለነበረችን ማታ ማታ በደብተር እንገለብጣት ነበር። «ሰፊነቱ-ን-ነጃ»ን ያዘጋጁት ከሐድረመውት የተገኙት ሼኽ ሳሊም ኢብን ሱመይር ናቸው። ኑሯቸው ወደ ጃዋ አድርሷቸው የዛሬዋ ጃካርታ በሆነችው በባታቪያ በ1271 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1855) አረፉ። ኪታቧ ከጠሃራና ከሶላት ጀምራ በዘካ ታበቃለች፤ የጾሙን ክፍል የጨመሩት እዚያው ጃዋ የተወለዱት ሼኽ ሙሐመድ ነወዊ ናቸው። እንግዲህ ሐበሻ ልጅ በዝናብ ተጠልሎ የሚቀራት ቀጭን ኪታብ በየመንና በሩቅ ምሥራቅ መካከል የሕንድን ውቅያኖስ የተመላለሰች ናት። ስሟም መርከብ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የአርእስቶቿ አሰላለፍ ነው። የኢስላምና የኢማን መሠረቶችን፣ የሸሃዳንም ትርጉም እንደጠቀሰች ወዲያውኑ የምታነሳው የቡሉግን፣ ማለትም ለአቅመ አዳምና ሔዋን የመድረስን ምልክቶች ነው። ውዱእ ገና አልተነሳም፤ ሶላት ገና ነው። ኪታቧ ገና በመጀመሪያ ገጾቿ አንባቢዋን «አንተ የት ነህ? ሕጻን ነህ ወይስ ግዳጅ የተጻፈብህ?» ብላ ትጠይቀዋለች ማለት ይቻላል። እኛ አስተማሪዎች ይህን ክፍል ለልጆች ሃፍረት እንዳይሆን ብለን በጥድፊያ እናልፈዋለን።

ከሰፊና በኋላ የአቢ ሹጃዕ መትን፣ ከዚያም በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የኢማሙ-ን-ነወዊ ሚንሃጅ ይመጣል። በነህው በኩል ከፈስ ከተማ የተገኘው የኢብን አጁሩም አጁሩሚያ ይቀድማል፤ የኢብን ማሊክ ሺህ ስንኝ አልፊያ ዘግይቶ ይመጣል። ተፍሲር ላይ ሲደርስ ጀላለይን ነው። የዚህ ተፍሲር ነገር ለወጣቶቻችን ቢነገር እወዳለሁ። ጀላሉ-ድ-ዲን አል-መሐሊ ከሱረቱል ከህፍ እስከ መጨረሻው ጽፈው ፋቲሓን እንደጨመሩ በ864 ዓመተ ሂጅራ አረፉ። የቀረውን፣ ከበቀራ እስከ ኢስራእ ያለውን፣ ጀላሉ-ድ-ዲን አስ-ሱዩጢ በአርባ ቀን ገደማ ፈጸሙት። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ ወይም ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። እኚህ ዓሊም ስለ ሐበሾች ክብርም ኪታብ ጽፈዋልና ለእኛ ባዳ አይደሉም። የኛ ክረምት ሐምሌ ሠላሳ፣ ነሐሴ ሠላሳ፣ ጳጉሜ አምስት ቢባል ስድሳ አምስት ቀን ነው። ታላቁ የሐዲስ ሰው አል-ኸጢብ አል-በግዳዲም ለሐጅ መካ በሄዱ ጊዜ ሶሒሕ አል-ቡኻሪን ከሴት ዓሊሟ ከከሪማ አል-መርወዚያ ፊት በአምስት ቀን እንደቀሩ ይነገራል። ይህን የማነሳው ልጆቻችን ይህን ያህል ይችላሉ ለማለት አይደለም። ክረምት አጭር ነው፣ ምን ይነበብበታል ለሚሉ ወላጆች ነው።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ። የሰቪያው ቃዲ አቡበክር ኢብኑል ዐረቢ (በ543 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) የልጆችን ትምህርት ተራ ሊገለብጡት አስበው ነበር። ልጁ መጀመሪያ ቋንቋውንና ግጥሙን ይወቅ፣ ሒሳብ ይከተል፣ ከዚያ ቁርኣን ይቅራ፤ የሚያነበው ይገባዋል የሚል ነበር ሐሳባቸው። ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማው ይህን አነሳና ሐሳቡ መልካም መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን ልማድ አይፈቅድለትም አለ። ምክንያቱም ልጅ በወላጁ እጅ ሳለ ቁርኣን ካልቀራ፣ ለአቅመ አዳም ሲደርስና የጉርምስና ነፋስ ሲነፍስበት ሊያመልጥ ይችላል፤ ያኔ ቁርኣኑም ይቀርበታል ብሎ ፈራ። በትምህርቱ እንደሚቆይ እርግጠኛ መሆን ቢቻል ኖሮ ግን የቃዲው መንገድ ይሻል እንደነበር አልሸሸገም።

ይህን ለረዥም ጊዜ ሳስብበት ቆየሁ። ኢብን ኸልዱን የሰጠው ምክንያት የሚሠራው ለሰባት ዓመቷ ልጅ ነው። እርሷ በእጃችን ናት፤ ልቧም ምላሷም ለሒፍዝ ክፍት ነው። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ግን የተፈራው ሁሉ ደርሶበታል። ነፋሱ ነፍሷል። እንደ ሕጻን ከፊደል ብቻ አስጀምረን የሚያቆየው ነገር ሳንሰጠው ከቀረን፣ የኢብን ኸልዱንን ልማድ ጠበቅን እንላለን እንጂ ምክንያቱን አልጠበቅንም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሲሰማ «ቁርኣንን ወደ ኋላ ማድረግ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። አይደለም። ለሶላት ፋቲሓውን ማስተካከል የግድ ነው፤ ሐርፉንም ይማራል። ግን ከእኩዮቹ ጋር፣ ለብቻው ሰዓት ይማር፤ ጎን ለጎን ደግሞ የሚያስበውና የሚጠይቅበት ንባብ በሚገባው ቋንቋ ይሰጠው ነው የምለው። ያው ኢብን ኸልዱን በተማሪ ላይ ጭካኔ ማብዛት ልጁን ለውሸትና ለመደበቅ እንደሚዳርገው ጽፏልና፣ ጅራፍ የሚያወሱ ወላጆችም ይህን ቢሰሙ ደግ ነው።

በሚገባው ቋንቋ ስል ይህ ዕድል ለአባቶቻችን እንዳልነበረ አልዘነጋሁም። እርግጥ በወሎ እነ ሼኽ ጠልሐ ኢብን ጃዕፈር አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ በዐጀሚ እየጻፉ በመንዙማ ሕዝቡን አስተምረዋል። ሐረሪዎችም በቋንቋቸው በዐጀሚ የጻፏቸው ኪታቦች አሏቸው። ቁርኣን በአማርኛ ተተርጉሞ የታተመው ግን በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ተርጓሚዎቹም ሼኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሼኽ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ናቸው። ታተመ ማለት ደግሞ ተነበበ ማለት አልነበረም፤ አብዛኛው ሕዝብ ፊደል አያውቅም ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ክረምት መጠቀስ አለበት። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ተማሪዎች የእረፍት ጊዜያቸውን ትተው ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥረዋል። ዘመቻው በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ ከእነዚህም መካከል ሲዳምኛና ስልጥኛ ነበሩበት። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ስለ ደርግ ዘመን በሃይማኖት በኩል ብዙ ቅሬታ አለን፤ ይህን መልካሙን ግን መካድ አይገባም። በዚያ ዓመት ረመዷን የገባው ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ስለነበር ብዙ ሙስሊም ተማሪና አስተማሪ ጾሙን ይዞ በዝናብ ውስጥ ሀሁ ብሏል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተለይም የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ወጥቶ በአማርኛ የተዘጋጁ እስላማዊ መጻሕፍትና መጽሔቶች በየመስጊዱ በር ሲዘረጉ፣ ከገዢዎቹ ብዙዎቹ በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ጎልማሶች እንደሚሆኑ እገምታለሁ።

ዘንድሮ ታዲያ ምንጣፎቹን ለየኋቸው። ትንንሾቹ ቃዒዳና ዐመ ጁዝ ይዘዋል፤ ሠላሳ ሰባት ሱራ ነው፤ የቻለ አሥሩን፣ ያልቻለ አምስቱን ይያዝ፤ አላስጨንቃቸውም። መካከለኞቹ ሰፊናንና የኢማሙ-ን-ነወዊን አርባ ሐዲስ ይቀራሉ። አርባ ይባል እንጂ አርባ ሁለት ነው። ሐሙስና ጁምዓን እንደ ቀድሞው ልማድ ለእረፍት ብንተው ከስድሳ አምስቱ ቀን አርባ ሰባት ገደማ ይቀራልና በቀን አንድ ሐዲስ ይዘው አምስት ቀን ለመከለስ ይተርፋቸዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፅ ስለማይሰማ እነዚያ አምስት ቀናት ያስፈልጋሉ። ለትልልቆቹ ከመግሪብ በኋላ ሰዓት አበጀሁ። ሲራና የቁርኣኑን የአማርኛ ትርጉም እናነባለን፤ እየተነሳሱ ይጠይቃሉ። የሚጠይቁት አንዳንዴ ከእኔ እውቀት በላይ ነው፤ ከዐሊሞች ጠይቄ እመለሳለሁ እላለሁ።

ያ አባት በዘንድሮው ሰኔ ማብቂያ ተመልሶ መጣ። ትልቁ ልጅ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከበሩ ቆሞ ነበር። የማታውን ሰዓት ስነግረውና ሁለት የክፍል ጓደኞቹ እንዳሉበት ሲሰማ ጫማውን አወለቀ። ለአባትየው ሦስት የተለያዩ መጻሕፍት መግዛት እንዳለበት ነገርኩት። ዋጋቸውን በጣቱ ሲያሰላ ቆየና ፈገግ ብሎ «እኔስ ኡስታዝ፣ የትኛውን ልያዝ?» አለኝ። ሰፊናን በልጅነቱ ጀምሮ እንደተወው አጫወተኝ። የት ላይ እንዳቆመ ጠየቅኩት።

«ውዱእ ላይ» አለ።