የመጻሕፍተ መነኮሳት አገርና የነሲም ጸሎት

በኢትዮጵያ የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት በአራት ጉባኤ የተከፈለ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ብሉያት፥ ሐዲሳት፥ ሊቃውንትና መነኮሳት ናቸው። አራተኛው ጉባኤ የቆመው በሦስት መጻሕፍት ላይ ነው፤ እነርሱም ማር ይስሐቅ፥ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ ይባላሉ። ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ንባቡንና ትርጓሜውን ሲቀበል፥ እነዚህን መጻሕፍት የጻፉት አባቶች የት እንደ ተወለዱ ብዙ ጊዜ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም የሚያገኘው መልስ «ሶርያውያን ናቸው» የሚል ነው። ቋንቋቸው ሱርስት ስለ ነበረ መልሱ ስሕተት አይባልም። ነገር ግን ከሦስቱ መጻሕፍት የሁለቱ ደራስያን የተገኙት ከዐረብ ምድር፥ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ ነው። ይህን ማወቅ ለታሪክ ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ዛሬ በዚያው ምድር ቤተ ክርስቲያንም ካህንም ሳይኖራቸው የሚጸልዩትን ኢትዮጵያውያን ነገር ለሚያስብ ሁሉ የሚያስፈልግ ነው።

በ7ኛው መቶ ዘመን (በዚህ ጽሑፍ የጥንቱ ዘመን የሚቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሶርያውያን «ቤት ቀጥራዬ» ይሉት የነበረው አገር፥ ማለት የቀጠራውያን ምድር፥ ዛሬ የኳታር መንግሥት ባለበት ስፍራ ብቻ የሚወሰን አልነበረም። ከእርሱ ጋር የባሕሬንን ደሴቶችና ዛሬ የሳዑዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል የሆነውን ጠረፍ ያጠቃልል ነበር። በዚያም ጳጳሳትና ገዳማት ነበሩ። በ676 ዓ.ም. የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ ከአገሩ ጳጳሳት ጋር የተነሣውን ክርክር ለማብረድ እርሱ ራሱ ወደዚያ ሄዶ በዳሪን ጉባኤ አደረገ። ዳሪን የሚገኘው ከቀጢፍ ከተማ አጠገብ በታሩት ደሴት ላይ ነው። በጁባይል አቅራቢያም የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ በ20ኛው መቶ ዘመን ከአሸዋ ውስጥ ተገኝቷል።

በደቡብ በኩል ደግሞ ናግራን አለች፤ እርሷም ዛሬ በሳዑዲ ዐረቢያ ወሰን ውስጥ ናት። በ523 ዓ.ም. ገደማ በንጉሥ ፊንሐስ እጅ የተገደሉትን ሰማዕታተ ናግራንን ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 26 ቀን ታስባቸዋለች። ዐፄ ካሌብም ስለ እነርሱ ባሕር ተሻግሮ ከተዋጋ በኋላ ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ በአባ ጰንጠሌዎን ገዳም እንደ መነኰሰ ትውፊታችን ይናገራል። ስለዚህ የዐረብ ምድር ለክርስትና ባዕድ ነበረ የሚል ሰው ስንክሳሩን አላነበበም ማለት ነው።

ይስሐቅ የተወለደው በዚሁ በቤት ቀጥራዬ ነው። ካቶሊኮስ ጊዮርጊስ ከዳሪን ሲመለስ ይዞት እንደ ሄደ ሊቃውንት ያስባሉ፤ በቤት ዓቤ ገዳምም የነነዌ ጳጳስ አድርጎ ሾመው። በዚህ ሹመት የቆየው ግን 5 ወር ብቻ ነው። ምክንያቱን በ9ኛው መቶ ዘመን ታሪኩን በአጭሩ የጻፈው የባስራው ጳጳስ ኢሾዕደናሕ አይገልጠውም፤ እግዚአብሔር ለሚያውቀው ነገር ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ የተነገረ ትውፊት ግን አለ። በዕዳ የሚካሰሱ ሁለት ሰዎች ወደ እርሱ መጡ፤ እርሱም የወንጌልን ቃል ቢጠቅስባቸው ባለ ገንዘቡ ወንጌልን ለጊዜው ወደ ጎን ተወው አለው፤ ይስሐቅም ወንጌል ከሌለ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ ብሎ ሄደ ይባላል። ትውፊቱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ መንበሩን ትቶ በፋርስ ደቡብ ወደሚገኘው ወደ ሁዛዬ ተራራ መሄዱና ከባሕታውያን ጋር መኖሩ የተረጋገጠ ነው። በመጨረሻም በረባን ሻቡር ገዳም ተቀመጠ። ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ ስለ ጠፋ ትምህርቱን ሌሎች ይጽፉለት ነበር።

ይህ ዓይነ ሥውር አባት ያስተማረው ነገር በየዘመኑ የቤተ ክርስቲያን ሹማምንትን ሲያሳስብ ኖሯል። ጸሎት ሁሉ ወሰን አለው ይላል፤ ስእለት፥ ምስጋና፥ ስግደትና ዕንባ ሁሉ እስከ ንጹሕ ጸሎት ድረስ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጸሎት ራሱ ያበቃና አንክሮ ይጀምራል። በዚያ ስፍራ አንደበት አይናገርም፤ ልቡናም ይህን ስጠኝ ብሎ አይለምንም። የኛ ሊቃውንት ይህን ትምህርት ከሌሎች ጋር አስማምተው ንጽሐ ሥጋ፥ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና ብለው በሦስት ዓለማት፥ በዐሥርም ማዕርጋት ከፍለው ያስተምሩታል። ከዐሥሩ የመጀመሪያው ጽማዌ ነው። መሰላሉ በአርምሞ እንደሚጀምር ልብ ይሏል።

ፊልክስዩስ የተባለው መጽሐፍ ነገር ከዚህም የበለጠ ያስደንቃል። ስሙ የመንቡግ ጳጳስ የነበረውን፥ በ523 ዓ.ም. ያረፈውን ፊልክስዩስን ያመለክታል፤ እርሱም የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቃወመ በመሆኑ ለኛ ቤተ ክርስቲያን የታመነ አባት ነው። መጽሐፉ ግን ወንድሞች ስለ ግብፅ በረሓ አባቶች ነገር እየጠየቁ ሽማግሌው የሚመልስበት ትርጓሜ ሲሆን፥ ሊቃውንት ከሱርስቱ ጋር አስተያይተው እንዳረጋገጡት፥ መሠረቱ በ7ኛው መቶ ዘመን የነበረው የዳዲሾዕ ቀጠራዊ ሥራ ነው። ዳዲሾዕም እንደ ይስሐቅ የቤት ቀጥራዬ ሰው ነበር፤ በበዓቱ ተወስኖ ለብቻው ስለሚቀመጥ ሰው ሌላ ድርሳን ጽፏል። እንግዲህ የእርሱ ሥራ ወደ ግእዝ የገባው በሌላ አባት ስም ነው። አረጋዊ መንፈሳዊም የዳልያታው ዮሐንስ ሲሆን፥ በ8ኛው መቶ ዘመን የነበረ ነው፤ ትምህርቱን የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ካቶሊኮስ ቀዳማዊ ጢሞቴዎስ በ780ዎቹ ዓመታት በጉባኤ አውግዞት ነበር፤ በኋላ ግን ግዝቱ ተነሣ።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ የማይታለፍ ጥያቄ አለ። የምሥራቅ ሶርያ ቤተ ክርስቲያን በተለምዶ ንስጥሮሳዊት የምትባለው ናት፤ በ431 ዓ.ም. የኤፌሶን ጉባኤ ንስጥሮስን ካወገዘ ጀምሮ ከእርሷ ጋር አንድነት የለንም። ታዲያ የእርሷ ባሕታውያን የጻፉት እንዴት በኛ ገዳማት የመነኮሳት መማሪያ ሆነ? መልሱ የመጽሐፉ መንገድ ነው። የማር ይስሐቅን ድርሳናት በ9ኛው መቶ ዘመን ገደማ በፍልስጥኤም በሚገኘው በማር ሳባ ገዳም ሁለት መነኮሳት፥ አብራሚዮስና ጳጥሪቅዮስ፥ ወደ ጽርዕ መለሱት፤ እነርሱ የኬልቄዶን ወገን ነበሩ። መጽሐፉ በዐረብኛም ተተረጐመና በግብፅ ገዳማት ተነበበ፤ ከዐረብኛም ወደ ግእዝ ተመለሰ። እርስ በርሳቸው የማይቀድሱ ሦስት ወገኖች በአንድ መጽሐፍ ጸለዩ ማለት ነው። መነኮሳቱ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፤ የጉባኤ ውሳኔም አልሻሩም። ነገር ግን ስለ ጸሎትና ስለ ዕንባ የተጻፈውን ሲያነቡ የራሳቸውን በዓት ስላገኙበት መጽሐፉን ከእጃቸው አላወጡትም። ይህን እንደ ቸልተኝነት የሚቈጥሩ አሉ፤ ቸልተኝነት ቢሆን ኖሮ ግን መጽሐፉን በትርጓሜ ለመጠበቅ ያን ያህል ባልደከሙ ነበር።

ከባሕረ ሰላጤው ጠረፍ ወደ ምዕራብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ሲገባ የሪያድ ከተማ ይገኛል። በከተማው ምሥራቃዊ ክፍል ነሲም የሚባል ሠፈር አለ። ቃሉ በዐረብኛ ቀስ ያለ ነፋስ ማለት ነው። ነቢዩ ኤልያስ በኮሬብ ከጽኑ ነፋስ፥ ከምድር መናወጥና ከእሳት በኋላ የሰማውን ድምፅ ሰባው ሊቃናት የቀጭን ነፋስ ድምፅ ብለው እንደ ተረጐሙት መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ያስታውሳል። በሪያድ ሠፈሮች በቤት ሠራተኛነት፥ በሾፌርነትና በቀን ሥራ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ ክርስቲያኖችም አሉ።

በሳዑዲ ዐረቢያ አንድም ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ከእስልምና ውጭ የሆነ አምልኮ በአደባባይ መፈጸምም ክልክል ነው። ሰው በቤቱ ለብቻው ቢጸልይ አይከለከልም ሲባል ተሰምቷል፤ ሆኖም በ2004 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት የተሰበሰቡ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች ተይዘው ታስረዋል፤ ከእነርሱም 29ኙ ሴቶች ነበሩ። ስለዚህ ለብዙዎች የቀረው ጸሎት የአንድ ሰው ጸሎት ነው። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ለጸሎት የሚሆናት ስፍራ የመኝታ ክፍሏ ነው፤ እርሱም ካላት። ሰዓቷ የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ ወይም ሳይነቁ በፊት ነው። ማዕተቧን ከአንገቷ ፈትታ ሻንጣ ውስጥ ታስቀምጣለች። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሲሉ በወረቀት ላይ የእስልምና ስም የያዙም አሉ፤ ለእነርሱ የክርስትና ስማቸው የሚጠራው በገዛ ልባቸው ብቻ ነው። የዳዲሾዕ መጽሐፍ በሌላ ሰው ስም መዞሩን ያነበበ ሰው በእነዚህ ላይ ለመፍረድ አይቸኵልም።

ሰንበትም ችግር አላት። በሳዑዲ ዐረቢያ የሳምንቱ ዕረፍት ቀድሞ ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. ሰኔ ወር ዓርብና ቅዳሜ ሆነ። በዚህም ቀዳሚት ሰንበት ከዕረፍቱ ስትገባ እሑድ የሥራ መጀመሪያ ቀን ሆነች። በቤት ውስጥ ለምትሠራው ግን የዕረፍት ቀን መለዋወጡ ብዙ ጊዜ የሚያመጣላት ነገር የለም። ለእርሷ ሳምንቱን የሚለይላት ጸሎቷ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ 30 መዝሙር፥ ቅዳሜ ጸሎተ ነቢያት፥ እሑድ መኃልየ መኃልይ፤ ውዳሴ ማርያሙም በየዕለቱ የተከፈለ ነው። መጽሐፉን ይዞ መሄድ ለሚያስፈራው ይህ ሁሉ ዛሬ በእጅ ስልክ ይገኛል፤ በቃሉ የያዘ ደግሞ ስልክም አያስፈልገው። አባቶች ሕፃናቱን ዳዊት በቃል ማስጠናታቸው ከብራና እጥረት የተነሣ ብቻ አለመሆኑን እንዲህ ያለው ዘመን ያሳያል።

ይሁን እንጂ የነሲሟን ሴት ባሕታዊት ናት ብሎ ማመስገን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። ይስሐቅ አርምሞን መርጦ ገባ፤ እርሷ ግን አርምሞ ያገኛት እንጀራ ፍለጋ በወጣችበት ነው። እርሱ በዙሪያው አረጋውያን ነበሩት፤ እርሷ የምትጠይቀው አበ ነፍስ በአጠገቧ የለም። ያለ ታቦትና ያለ ካህናት ቅዳሴ አይቀደስም፤ በሥርዓታችን ቅዳሴ ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት ይፈልጋል፤ ቍርባን የተራበ ሰው ረኃቡ በአንክሮ ትምህርት አይጠፋም። በዘመናችን መንፈሳዊነት ይበቃል፥ ሥርዓትና ቤተ ክርስቲያን አያስፈልግም የሚሉ ሰዎች ማር ይስሐቅን ሲጠቅሱ ይሰማሉ። እርሱ ግን መንበሩን ተወ እንጂ ቤተ ክርስቲያንን አልተወም፤ ዕድሜውንም የጨረሰው በገዳም ውስጥ ነው።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የግብፃዊቷ ማርያም ታሪክ ነው። እርሷ በዮርዳኖስ ማዶ በረሓ 47 ዓመት ካህን ሳታይ፥ መጽሐፍ ሳታነብ ኖረች። ወደ በረሓ ከመሻገሯ በፊት በዮርዳኖስ ዳር ባለው በመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ቍርባን ተቀብላለች፤ በመጨረሻም አባ ዞሲማስ በጸሎተ ሐሙስ ቍርባኑን ይዞላት መጥቶ አቀበላት፤ ያንጊዜ ዐረፈች። በሁለቱ ቍርባኖች መካከል ያለው 47 ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ነበረ ብሎ የተናገረ አባት የለም። ነገር ግን ዞሲማስም ቍርባኑን ይዞ ወንዙ ዳር ድረስ ሄዷል፤ የታሪኩን ይህን ክፍል ከምእመናን ይልቅ ካህናት ሊያስቡት ይገባል።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ሲያስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ከዚያ ወዲህም መመለሱ አልቆመም። ከተመለሱት ክርስቲያኖች ለዓመታት ያልተናዘዘና ያልቈረበ ሰው በየአጥቢያው ይገኛል። ወንድ ልጅ በ40፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን መጠመቅ ሥርዓት ሲሆን፥ በዚያ የተወለደ ሕፃን ቀኑ አልፎበት በእናቱ እጅ ተይዞ፥ አንዳንዴም በእግሩ እየሄደ፥ ወደ ክርስትና ቤት ይመጣል። ካህኑ የክርስትና ስም ሲሰጠው፥ እናቱ በሌሊት ስትጸልይ ለብቻዋ ያወጣችለት ስም እንዳለ ቢጠይቃት መልካም ነው።