ከአዮዋ እስከ ደምበጫ፦ የበቆሎ ዘር ነጋዴው ምክትል ፕሬዚዳንት

ሚያዝያ ሲጋመስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የገበሬው ወሬ አንድ ነው፤ ዘር መጣ ወይስ አልመጣም? ወሬው ታዲያ ስም እየጠራ ነው የሚሄደው። አንዱ ሊሙ ካላገኘሁ አልዘራም ይላል። ሌላው ሾኔን ለምዶታል፣ አይለቀውም። ሦስተኛው ቢኤች 661 ይፈልጋል። ቢኤች በባኮ ምርምር ማዕከል የተዳቀለ የአገር ልጅ ነው። ሾኔና ሊሙ ግን ስማቸው የአገር ቤት ይሁን እንጂ ባለቤታቸው ፓዮኒር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ያን ኩባንያ ያቋቋመው ሄንሪ ዋለስ የእርሻ ሚኒስትርም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆኖ አገልግሏል። የፕሬዚዳንቱ ወንበር ደግሞ በ82 ቀን ልዩነት አምልጦታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋለስ በ1888 በአዮዋ ግዛት ተወለደ። አያቱ ቄስ ነበር፤ ቤተሰቡ የገበሬ ጋዜጣ ያሳትማል፤ አባቱም ኋላ የእርሻ ሚኒስትር ሆኗል። ልጁን እጽዋት ያስወደደው ግን በባርነት ተወልዶ ለሳይንቲስትነት የበቃው ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ዋሽንግተን ካርቨር ነው። ካርቨር የአባቱ ተማሪ ነበርና ትንሹን ሄንሪን ሜዳ ለሜዳ እያዞረ አበባና ሣር ያስለየው ነበር።

በዚያ ዘመን በአዮዋ የበቆሎ ውድድር እንደ በዓል ይታይ ነበር። ዳኞች የበቆሎውን ራስ አገላብጠው ያያሉ፦ ረድፉ ቀጥ ያለ፣ ወፍራምና እኩል፣ እስከ ቆሮቆንዳው ጫፍ ፍሬ የሞላ ከሆነ ሽልማቱ የእሱ ነው። ገበሬውም ለከርሞ ዘር የሚይዘው ይህንኑ መልከ መልካም ነው። ዋለስ ገና አፍላ ወጣት ሳለ በዚህ ፍርድ አላመነም። የተሸለሙትንና የተጣሉትን ራሶች ለየብቻ ዘራ፣ ሲደርሱ ለየብቻ መዘነ። መልክና ምርት የማይገናኙ ሆነው አገኛቸው፤ አስቀያሚ ከተባሉት መካከል የቆንጆዎቹን ምርት ያስከነዱ ነበሩ። የሰውየው ሥራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህች ሚዛን ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ ማዳቀል ገባ። አሠራሩን የአማራ ምርጥ ዘር ድርጅት በውል የሚያሠራቸው ዘር አባዥ ገበሬዎች ጠንቅቀው ያውቁታል። ሁለት የተለያዩ ዘሮች በረድፍ ይዘራሉ፤ አንዱ አባት፣ አንዱ እናት ነው። የእናቲቱ ረድፍ ከአናቱ የወንዴ አበባ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ብናኙ ሳይረግፍ፣ አንድ በአንድ በእጅ ይመዘዛል። በነጋታው ይታያል፣ ያመለጠው ይመዘዛል። እናቲቱ ከአባቱ ረድፍ ብቻ ትጸንሳለች፤ ከእሷ የሚለቀመው ፍሬም ድቃይ ዘር ይባላል። ጉልበቱ ከእናትም ከአባትም ይበልጣል።

ጉልበቱ ግን ለአንድ ክረምት ነው። የሾኔን ምርት ለዘር አስቀምጦ በዓመቱ የዘራ ሰው ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ ድንክ፣ ምርቱም የቀነሰ ማሳ ያያል። የጎጃም እናቶች የተመረጠውን በቆሎ ከምድጃው በላይ ሰቅለው፣ ነቀዝ እንዳይደፍረው ጭስ እያጠጡ ለከርሞ ያቆዩ ነበር። ለድቃዩ ዘር ይህ ጥበብ አይሠራለትም፤ ገበሬው በየዓመቱ ገዢ ነው። ዋለስ በ1926 ከጥቂት ወዳጆቹ ጋር፣ ባለቤቱ አይሎ ከወረሰችው ገንዘብም ጨምሮ፣ ኩባንያውን ሲያቋቁም ንግዱ የቆመው በዚህ ላይ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ገዢ አልተገኘም። በጎተራው ዘር ሞልቶ ሳለ ለበቆሎ ዘር ገንዘብ የሚከፍል ማን ሞኝ አለ? ሮዝዌል ጋርስት የተባለው ሻጭ መላ ዘየደ፦ ዘሩን በነጻ ውሰዱ፣ ከድሮው ዘራችሁ አብልጦ ከሰጣችሁ የትርፉን ግማሽ ትሰጡኛላችሁ አላቸው። ገበሬዎቹ አንድ ጊዜ በገዛ ማሳቸው ካዩ በኋላ ግማሹን ከመክፈል ዘሩን መግዛት ይሻለናል አሉ። በ1934 እና በ1936 ድርቅ ሲመታ ደግሞ ድቃዩ ቆሞ፣ ነባሩ ተኝቶ ታየ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የአዮዋ ማሳ ሁሉም ማለት ይቻላል በድቃይ ዘር ተሸፍኖ ነበር።

ነገሩ የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ምርት አብዢው ሰውዬ በ1933 የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የእርሻ ሚኒስትር ሲሆን፣ የገበሬው ችግር የምርት መብዛት ነበር። በቆሎ ዋጋ አጥቶ ለማገዶ ይነድ ነበር። ዋለስ ገበሬው ከማሳው ቀንሶ እንዲያርስ መንግሥት ካሳ እንዲከፍል አደረገ፤ የቆመ ጥጥ አስገለበጠ፤ ስድስት ሚሊዮን ያህል አሳማ አሳረደ። ሰው እየተራበ ይህ ግፍ ነው ተባለ፤ እሱም ቢሆን አልወደደውም። ቀጥሎ ያመጣው የመጠባበቂያ ጎተራ ሐሳብ ግን ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ በጥጋብ ዓመት ገዝቶ ማከማቸት፣ በችግር ዓመት ማውጣት። እሱ ራሱ ከጥንት ቻይናዎችና ከመጽሐፍ ቅዱሱ ዮሴፍ ያገኘሁት ነው ይል ነበር።

ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ የፈጸመው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያችው ዕለት አፄ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ሰቀሉ፤ የካቲት ሲያልቅም ቡሬና ደምበጫ የጦር ሜዳ ሆነው ነበር። ግጥምጥሞሽ ነው፤ ለደምበጫ ሰው ግን ማንሳቱ አይከፋም።

ዋለስ ሥልጣኑን ከመያዙ ጥቂት ቀደም ብሎ ሜክሲኮ ሄዶ የገበሬውን በቆሎ ማሳ አይቶ ነበር። ሲመለስ የሮክፌለር ፋውንዴሽን እዚያ የእርሻ ምርምር እንዲጀምር ገፋፋ። ምርምሩ በ1943 ተጀመረ፤ በዓመቱ ኖርማን ቦርሎግ የተባለ ወጣት ተቀጠረ። ይኸው ቦርሎግ አርጅቶ፣ የኖቤል ተሸላሚ ሆኖ፣ በ1993 ከጂሚ ካርተር ጋር ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለውን የእርሻ ፕሮግራም ወደ ኢትዮጵያ አመጣ። በግማሽ ሄክታር ሠርቶ ማሳያ ላይ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ይዘራ ነበር። መለስ ዜናዊ ውጤቱን አይተው መንግሥታቸው ፕሮግራሙን በአገር ደረጃ ያዘው። ስለዚህ ዋለስ ምዕራብ ጎጃም የደረሰው በሁለት መንገድ ነው፤ በኩባንያው ጆንያና በቦርሎግ ማሳያ።

የአሜሪካው የ1933ቱ የምርት መብዛት ችግርም ተከትሎ መጣ። በ1994 ዓ.ም. በቆሎ ተትረፈረፈ፣ ዋጋውም ወደቀ፤ የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት ገበሬ ምርቱ ወጪውን አልሸፍን አለው። በቀጣዩ ዓመት ድርቅ ገባና አገሩ እርዳታ ጠየቀ። ዘሩ ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ የዮሴፍ ጎተራ ግን አልደረሰም።

የዋለስን ፖለቲካ ባጭሩ ልለፈው። በ1944 የፓርቲው አለቆች እሱን ከምክትል ፕሬዚዳንትነት እጩነት አውርደው ትሩማንን ተኩ፤ ሩዝቬልት በሚያዝያ 1945 ሲሞት ፕሬዚዳንት የሆነው ትሩማን ነው። ዋለስ በ1948 በሦስተኛ ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ፤ በደቡብ ግዛቶች ጥቁርና ነጭ ተለይቶ በሚቀመጥበት አዳራሽ አልናገርም ብሎ እንቁላልና ቲማቲም ተወረወረበት። ያገኘው ድምፅ ከመቶ ሁለት ተኩል እንኳ አልሞላም። ቀሪ ዘመኑን ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ እንጆሪና የግላዲዮለስ አበባ እያዳቀለ፣ ዶሮ እያራባ ኖሮ በ1965 ሞተ። ኩባንያውን በ1999 ዱፖንት ጠቀለለው፤ ኋላም የኮርቴቫ ሆነ።

እኛም በኩላችን የዘር ሰው ነበረን። ዶክተር መላኩ ወረደ በ1976 የተቋቋመውን የዘረ መል ባንክ ከ1979 ጀምሮ መርተዋል። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ገበሬው ለዘር ያስቀመጠውን ሲበላ፣ ነባሩ ዘር እንዳይጠፋ እየዞሩ አሰባስበዋል፤ በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። እሳቸው ነባሩ ዘር በገበሬው እጅ እየተሻሻለ እንዲኖር ታገሉ፤ ዋለስ ገበሬውን ገዢ አደረገው። ለእኔ ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው፤ ነባሩ ከጠፋ የከርሞው ድቃይ ከምን ይዳቀላል?

ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። የትኛው ዘር ይሻላል የሚለው ክርክር ዛሬም በስምና በጆንያ መልክ ነው የሚካሄደው። ሾኔ፣ ሊሙና ቢኤች በየቀበሌው ጎን ለጎን ተዘርተው፣ ገበሬው ባለበት ተመዝነው፣ ውጤቱ ዘር ሽያጭ ሳይጀመር በየማኅበሩ ደጃፍ ይለጠፍ።