የሐምሌ ተራሮች፦ ጥንዶች ኪሳቸውን ሳይጎዱ የሚያርፉበትን ከፍታ እንዴት ይምረጡ?

ሐምሌ ለአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ አንድ ዓይነት ወር አይደለም። አዲስ አበባ ላለ ሰው ጭቃ፣ ጉምና ጃንጥላ ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ ለሚሠራ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያልፍ ሙቀት ነው። ፍራንክፈርት ወይም ዋሽንግተን ለሚኖር ደግሞ የዓመት ፈቃድ የሚወጣበት፣ ሻንጣ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው።

ብዙዎች ዕረፍት የሚያገኙት በእነዚሁ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። አንድ ሳምንት ፈቃድና የተመጠነ ገንዘብ ይዘው ወደ ቀዝቃዛ ከፍታ መውጣት ለሚሹ ጥንዶች የምርጫው ስህተት ቀላል ኪሳራ አይሆንም። ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው ገንዘብ ወጥቶ፣ ተራራው በጉም ተሸፍኖ፣ መንገዱ በጭቃ ተይዞ ሊመለሱ ይችላሉ። ስለዚህም በምሥራቅ አፍሪካ ተራራ ከመመረጡ በፊት ወር ይመረጣል።

ዝናቡ ወዴት ነው?

የዝናብ ቀበቶው የፀሐይን ጉዞ ተከትሎ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም የኢትዮጵያና የኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ጊዜ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለችው ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና የዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ደረቅና ቀዝቃዛ ወቅት ላይ ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ፈቃዳቸው ከሐምሌ የማያልፍ ጥንዶች ወደ ደቡብ ቢያማትሩ ይሻላቸዋል። ፈቃዳቸውን ወደ መስከረም መጨረሻ ወይም ወደ ጥቅምት ማሸጋገር የሚችሉ ግን የኢትዮጵያን ተራሮች ከዝናብ በኋላ፣ ሜዳው አረንጓዴ ሰማዩም ጥርት ያለ ሆኖ ያገኟቸዋል።

ከፍታም የራሱ ሕግ አለው። በአማካይ 1,000 ሜትር በተወጣ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከስድስት ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይቀንሳል። ከሙቀት መሸሽ ብቻ ለሚፈልግ ሰው 1,500 ወይም 2,000 ሜትር ይበቃዋል፤ ለዚህ ሲባል ወደ 4,000 ሜትር መውጣት አያስፈልግም።

ገንዘቡ የሚያልቀው የት ነው?

በተራራ ጉዞ ዋናውን ወጪ የሚወስደው አልጋና ምግብ ነው ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ሒሳቡን ብዙ ጊዜ የሚያንረው የፓርክ መግቢያ፣ የግል መኪና ኪራይና የልዩ ፈቃድ ክፍያ ነው።

ለምሳሌ ሩዋንዳ የተራራ ጎሪላ ለማየት ከውጭ ጎብኚ የምትጠይቀው ክፍያ እ.አ.አ. ከ2017 ጀምሮ በነፍስ ወከፍ 1,500 ዶላር ነው። ዩጋንዳ በበኩሏ እ.አ.አ. በ2024 ክፍያውን ወደ 800 ዶላር ከፍ አድርጋለች። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን ኪሊማንጃሮን መውጣትም የፓርኩ የየዕለት ክፍያ፣ መሪ፣ ምግብ አብሳይና ተሸካሚ ሲደመሩ ለአንድ ሰው ከ1,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ይህ ሁሉ ለሁለት ሲባዛ አነስተኛ በጀት ያላቸውን ጥንዶች ገና ከደጃፉ ይመልሳቸዋል።

ስለዚህ ወጪን ለመቀነስ የሚረዳው ሁነኛ ዘዴ ከብሔራዊ ፓርክ ውጭ፣ በሕዝብ ማመላለሻ የሚደረስበት፣ በእግር የሚጎበኝና የአካባቢው ሰው የሚያስተናግድበት ተራራ መፈለግ ነው። እንዲህ ያሉ ቦታዎች በቀጣናው አሉ።

ኡሳምባራ፣ ታንዛኒያ

በሰሜን ምሥራቅ ታንዛኒያ የሚገኙት የኡሳምባራ ተራሮች የአራዊት ጉብኝት ከሚጧጧፍባቸው መስመሮች ወጣ ያሉ ናቸው። ማዕከላቸው የሆነችው ሉሾቶ በ1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጀርመን የቅኝ ግዛት ዘመን ቪልሄልምስታል ትባል ነበር፤ ያን ጊዜም ሹማምንቱ የቆላውን ሙቀት የሚሸሹባት ከተማ ነበረች።

ወደ ሉሾቶ የሚሄድ ሰው አሩሻን ከዳሬሰላም በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው ሞምቦ ይወርድና ጠመዝማዛውን ዳገት በሚኒባስ ይወጣል። ከከተማዋ በእግር የሚደረስበት የኢሬንቴ ገደል አፍ ላይ ሲቆም የማሳይ ሜዳ ከሥሩ ተዘርግቶ ይታየዋል። የማጋምባ ደንም ከከተማዋ ሩቅ አይደለም። በብዙ አገሮች መስኮት ላይ በሸክላ የሚተከለው አፍሪካዊ ቫዮሌት የተባለው አበባ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ አውሮፓ የተወሰደው ከዚሁ አካባቢ ነው።

የሉሾቶ ጥቅም የሁለት ሰዎችን የተለያየ ፍላጎት ማስታረቋ ነው። አንዱ ከመንደር መንደር ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ሌላው ከገበያው፣ ከአትክልት ስፍራውና ከመጽሐፉ ጋር ሊውል ይችላል። በሐምሌ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ሹራብ ያስፈልጋል።

ቡንዮኒ፣ ዩጋንዳ

በዩጋንዳ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በካባሌ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የቡንዮኒ ሐይቅ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ስሙ የትንንሽ ወፎች መኖሪያ ማለት ነው። ዙሪያውን እርከን የተሠራላቸው ኮረብታዎች ከብበውታል፤ በውስጡም 29 ያህል ደሴቶች አሉ። ሰኔና ሐምሌ በዚያ አካባቢ ከዓመቱ ደረቅ ወራት መካከል ናቸው።

ከደሴቶቹ አንዷ አካምፔኔ በቀድሞ ዘመን ሳያገቡ ያረገዙ ልጃገረዶች ለቅጣት የሚጣሉባት ነበረች። ዛሬ ጀልባ ቀዛፊዎች ታሪኩን ለጎብኚ ይናገራሉ። ውብ መልክዓ ምድር የሚሸከመው ትዝታ ሁልጊዜ ውብ እንዳልሆነ ታስታውሳለች።

ከካምፓላ ወደ ካባሌ የሚወስደው የአውቶቡስ መንገድ ረጅም ነው። ከኪጋሊ የሚነሳ ግን በጋቱና ድንበር በኩል 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ይደርሳል። ይህ ድንበር እ.አ.አ. በ2019 ተዘግቶ በ2022 ዳግም የተከፈተ በመሆኑ ከጉዞ በፊት ሁኔታውን ማጣራት ተገቢ ነው።

የኬንያ ተራራ ግርጌ

5,199 ሜትር የሚረዝመውን የኬንያ ተራራ ለማየት ጫፉ ላይ መውጣት ግዴታ አይደለም። በሐምሌ የናይሮቢና የኒዬሪ ሰማይ ብዙ ጊዜ በደመና ይሸፈናል። ከተራራው በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው ናኒዩኪ ግን ዝናብ የሚቀንስበት ጎን ላይ ናት። የምድር ወገብ መስመር በአቅራቢያዋ ያልፋል። ጫፉ በአብዛኛው የሚገለጠው ማለዳ ስለሆነ ከአልጋ ቀድሞ የተነሳ ብቻ ያየዋል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላላቸው ወደ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አለመጠየቁም ወጪን የሚቀንስ ነገር ነው።

ጎዳ፣ ጅቡቲ

ጅቡቲ ከተማ በሐምሌ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍ ሙቀትና በደረቅ ነፋስ ስትለበለብ ከተሜው የሚሸሸው ወደ አርታ ኮረብታ ወይም ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ወዳሉት የጎዳ ተራሮች ነው። ከፍታቸው ከ1,700 ሜትር ጥቂት ያልፋል። በላያቸው ያለው የዳይ ደን የጥንት ጥዶች ቅሪት ሲሆን፣ ከጅቡቲ በስተቀር በየትም የማይገኝና የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት የቆቅ ዘር ይኖርበታል። ማረፊያዎቹ ጥቂትና ቀላል ናቸው። በጅቡቲ ለሚኖሩ ጥንዶች ግን የአውሮፕላን ትኬት የማያስፈልገው ምርጫ ይኸው ነው።

የኢትዮጵያ ተራሮች መቼ?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.አ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ዋልያን፣ ጭላዳ ዝንጀሮንና ቀይ ቀበሮን ያስጠለለ ሲሆን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ የሚረዝመው ራስ ዳሸንም በዚያ ነው። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ገደሉን ጉም ይውጠዋል። ከዚህ በተጨማሪ በአማራ ክልል እ.አ.አ. ከ2023 ወዲህ የተከሰተው ግጭት የየብስ ጉዞን አደገኛ አድርጎታል። የመንገዱን ሰላም ከአካባቢው ሰው ሳያጣሩ መነሳት አይመከርም።

እ.አ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከሳኔቲ አምባ እስከ ሀረና ደን በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት ዓለም ያሳያል። ምቹ ወራቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው ወንጪ ደግሞ በአነስተኛ ወጪ ለአንድ ሌሊት ዕረፍት ይሆናል። በፈረስ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ የደሴቱን የቂርቆስ ገዳም ማየት ይቻላል። ክረምቱ ሲወጣ፣ ጭቃው ሲደርቅ ይመረጣል። በኦሮሚያም የጸጥታው ሁኔታ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ መጠየቁ አይቀርም።

ትንፋሽና ጤና

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር በላይ ሊጀምር ይችላል። ዕድሜና ብርታት አይለይም፤ ከጥንዶቹ አንዱን ጥሎ ሌላውን ሊተው ይችላል። ከባሕር ጠለል ላይ ካለች የባሕረ ሰላጤ ከተማ ተነስቶ በማግስቱ ወደ ሳኔቲ የሚወጣ ሰው ሰውነቱ ለመላመድ ጊዜ አያገኝም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማ አለመቀጠል፣ ከበረታም መውረድ ዋናው መድኃኒት ነው። ነፍሰ ጡር ሴቶች፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ተራራው ቢቀዘቅዝም ወደዚያ የሚያደርሰው ቆላ የወባ ቀጣና ሊሆን ይችላል። ዩጋንዳ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፤ ካርዱ ቤት ተረስቶ አየር ማረፊያ መድረስ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ከመነሳት በፊት

ልምድ ያላቸው ተጓዦች ገንዘቡን በሦስት ይከፍሉታል፤ ለመንገድ፣ ለማደሪያና ለምግብ፣ ላልታሰበ ነገር። ሦስተኛው ክፍል ካልኖረ የተበላሸ መኪና ወይም የተሰረዘ በረራ ዕረፍቱን ወደ ጭቅጭቅ ይለውጠዋል።

ዋጋ ሲጠየቅ ክፍያው ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለክፍሉ፣ ቁርስ ይጨምራል ወይ፣ ለነዋሪና ለውጭ ዜጋ ይለያያል ወይ ብሎ መጠየቅ ከኋላ ክርክር ያድናል። የጥንዶቹ ፓስፖርት የተለያየ ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ የኢትዮጵያ ሌላው የአሜሪካ ከያዘ፣ የቪዛው ደንብም ሆነ ክፍያው ለየብቻ ይታያል።

የአካባቢውን መሪ መቅጠርም በከንቱ የሚወጣ ገንዘብ አይደለም። መንገድ ያሳያል፣ ቋንቋ ያስተረጉማል፣ ክፍያውም እዚያው መንደር ይቀራል። ተራራው ደኑን ይዞ ለሚቀጥለው ጎብኚ እንዲቆይ በደኑ ዳር የሚኖረው ሰው ከጎብኚው እንጀራ ማግኘት ይኖርበታል።

በመጨረሻም ሁለቱ ሰዎች ከመነሳታቸው በፊት በአንድ ጥያቄ ላይ ቢስማሙ መልካም ነው፦ የምንሄደው ለመውጣት ነው ወይስ ለማረፍ? መልሱ ከታወቀ ከፍታውም፣ ወሩም፣ ወጪውም ከዚያ ተነስቶ ይወሰናል።