ባርቢያና፦ ለመዘጋት የታጨችው ቤተ ክርስቲያን

ከፍሎሬንስ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ የሙጄሎን ሸለቆ ቁልቁል የሚያይ ጆቪ የተባለ ተራራ አለ። ሸለቆው ለሥነ ጥበብ ታሪክ እንግዳ አይደለም፤ ታላቁ ሠዓሊ ጆቶ የተወለደው በዚሁ በቪኪዮ ወረዳ እንደሆነ ይነገራል። ከተራራው ወገብ ላይ ግን ጎብኚን የሚጠራ ጌጥ የሌላት፣ በቅዱስ እንድርያስ ስም የተሰየመች የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች። ባርቢያና መንደር ትባል እንጂ መንደርነቷ የስም ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ፣ የካህኑ ቤትና ጠባብ የመቃብር ስፍራ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ በጫካው ውስጥ የተበታተኑ የገበሬ ቤቶች ናቸው።

በዲሴምበር 1954 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደዚች ቤተ ክርስቲያን አንድ የ31 ዓመት ካህን ተላኩ፤ ዶን ሎሬንዞ ሚላኒ። በዚያን ጊዜ የመኪና መንገድ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የቧንቧ ውሃ አልነበረም። ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር የሚካፈለው እኩል አራሽ ተራራውን እየተወ ወደ ፋብሪካ ይጎርፍ ስለነበር አጥቢያዋ ለመዘጋት ታጭታ ነበር። ታዲያ ምእመን እየራቀው ላለ አጥቢያ አዲስ ካህን ምን ያደርጋል? ሹመት ይባል እንጂ ነገሩ ግዞት ነበር። ሚላኒ ቀደም ሲል በካሌንዛኖ ለወዛደሮች የማታ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ አማኙና ኮሚኒስቱ አብረው እንዲማሩ፣ ማንም ቅር እንዳይለው መስቀሉን ከክፍሉ ግድግዳ እስከ ማውረድ ደርሰው ነበር። ይህ አድራጎት አለቆቻቸውን አላስደሰተም። ካህኑም ባርቢያና በደረሱ ማግስት ከዚያች ጠባብ መካነ መቃብር የራሳቸውን መቃብር ቦታ ገዙ። መልሱ ይኸው ነበር።

በካህኑ ቤት ክፍሎች ውስጥ የተጀመረው ትምህርት በቀን እስከ 12 ሰዓት ይዘልቅ ነበር፤ በዓመት 365 ቀን፣ እሑድም ሆነ በዓል የለም። ጋዜጣ በየቀኑ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ያልገባው አንድ ልጅ ካለ ሁሉም ይጠብቁታል። በበጋ ትምህርቱ ከዛፍ ጥላ ሥር ይውላል። የተራራ ልጆች የውሃ ፍርሃት እንዲለቃቸው በራሳቸው እጅ የመዋኛ ገንዳ ሠሩ፤ ለቤተ ክርስቲያኗም ከባለ ቀለም ብርጭቆ መጽሐፍ የሚያነብ ወጣት ቅዱስ ምስል ገጣጥመው አበጁላት፤ «ቅዱስ ተማሪ» ይባላል። በግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ «አይ ኬር»፣ ማለትም «ግድ ይለኛል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ነበር። ካህኑ ይህን የመረጡት «ምን ተዳዬ» ለሚለው የፋሺስቶች መፈክር ተቃራኒ አድርገው ነው። ያ መፈክር ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ በ1936 አዲስ አበባ መግባቱ አይዘነጋም።

የባርቢያና ስም ከተራራው የወረደው ግን በጽሑፍ ነው። በ1965 የጦር ሠራዊት ቀሳውስት፣ በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አንይዝም ያሉትን ወጣቶች ፈሪ ብለው ሲያወግዙ፣ ሚላኒ የኢጣሊያን ጦርነቶች አንድ በአንድ መርምረው መልስ ሰጡ፤ ስለዚህም ተከሰሱ። በ1966 ነፃ ወጡ፤ ዓቃቤ ሕግ ግን ይግባኝ አለ። በዚያው ወቅት ስምንት ልጆች ከካህኑ ጋር ሌላ ደብዳቤ ጀመሩ። አሠራራቸው ለደራሲም ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ያሰበውን በብጣሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ብጣሾቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው የሚመሳሰሉት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ትርፍ ቃል ሁሉ ይሰረዛል። ዘዴውን ያገኙት ከመምህሩ ማሪዮ ሎዲ ተማሪዎች ጋር ከተጻጻፉ በኋላ ነው። «ለአንዲት መምህርት የተጻፈ ደብዳቤ» በሜይ 1967 ታተመ፤ የገበሬውና የወዛደሩ ልጅ ከትምህርት ቤት እንዴት ተጣርቶ እንደሚባረር በቁጥርና በሠንጠረዥ አሳየ። መጽሐፉ የራሱንም ጉድለት አልሸሸገም፤ ከታች ካሉት መንደሮች አንዲት ሴት ልጅ እንኳ እንዳልመጣች ይናዘዛል። ከጥንካሬዎቹ ሁሉ ይህ ሳይበልጥ አይቀርም።

ሚላኒ በሰኔ ወር፣ በጁን 26 ቀን 1967 በ44 ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ ተራራው ተመልሶ፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰውና የተራራ ጫማቸውን ተጫምተው፣ በገዙት መቃብር ተቀበሩ። የይግባኙ ፍርድ በ1968 ጽሑፉ ወንጀል ነው ሲል ተከሳሹ በሕይወት አልነበሩም። በ1958 ከገበያ እንዲሰበሰብ የታዘዘው «የእረኝነት ተሞክሮዎች» የተባለው መጽሐፋቸው እገዳ የተነሣው በ2014 ነው። በ2017 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ወደ ባርቢያና ወጥተው በመቃብሩ አጠገብ ጸለዩ፤ በዕድሜ የገፉት የቀድሞ ተማሪዎችም በዚያው ቆመው ይጠብቋቸው ነበር።